የጌታን እራት አብረን እንወስዳለን፣ ልጅ ግን አንሰጣጥም። አባቴን ምን ልበለው?

የሶዶ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ልጻፍ አልጻፍ ብዬ ሦስት ቀን አሰብኩበት። እዚህ ከተማ ለማንም እንዳላወራው ሁሉም ቤተሰቦቼን ያውቃል። ስለዚህ የማያውቁኝ ሰዎች ቢመክሩኝ ይሻላል ብዬ ነው የመጣሁት።

የምንኖረው ወላይታ ሶዶ ነው። ቤታችን የአማኝ ቤት ነው። ጣሊያን ገብቶ ሚሲዮናውያኑ ከአገር ሲወጡ ወላይታ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ደርዘን አማኞች ነበሩ፤ ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን በሺዎች ሆነው ጠበቋቸው። ቅድመ አያቴ በዚያ ጊዜ ካመኑት አንዱ ነው፣ ታሪኩም ቤታችን ውስጥ እንደ ርስት ነው የሚወራው። አባቴ ደግሞ የአጥቢያችን ሽማግሌ ነው፣ ያስተምራል፣ ይጸልያል፣ ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከመዘምራን አንዷን ወደደ። አራት ዓመት አብረው አገልግለዋል። ልጅቷ ትሑት ናት፣ ሥራ አላት፣ እናቴ ታምማ በተኛች ጊዜ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል አብራን ያደረች ናት። ቤተሰቦቿ ግን ጪናሻ ናቸው። ለማታውቁ፣ በእኛ አገር ጪናሻ የሚባሉት ሸክላ የሚሠሩት ናቸው። ድሮ ሰው ቤት አይገቡም ነበር፣ ምግብ ቢሰጣቸውም ደጅ ላይ በኮባ ቅጠል ነበር፣ ጋብቻማ የሚታሰብ አልነበረም። ዛሬ ያ ሁሉ ቀርቷል ብዬ ነበር የማምነው። ቤተ ክርስቲያን አብረን እንበላለን፣ አብረን እናለቅሳለን፣ የጌታን እራት ጎን ለጎን ቆመን እንወስዳለን።

ወንድሜ «ሽማግሌ ላኩልኝ» ሲል አባቴ ዝም አለ። እናቴ አለቀሰች። በማግስቱ አባቴ ያለው ይሄ ነው፦ «ልጅቷን እወዳታለሁ፣ ጌታንም እንደምትወድ አውቃለሁ፣ ግን እኛ የጨዋ ቤት ነን፣ ዘመድ ምን ይለናል፣ ታናናሾችህን ማን ያገባቸዋል?» ይሄን ከማለቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ኤፌሶን ምዕራፍ ሁለትን አስተምሮ ነበር። ክርስቶስ በመካከል ያለውን የጥል ግድግዳ አፈረሰ ብሎ። እኔም ልጅቷም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አሜን ብለናል።

አባቴን አከብረዋለሁ። ግብዝ ነው ብዬ ልጽፍ አልመጣሁም፣ ግብዝም አይደለም። ከልቡ የሚያምን ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ለምን ይቆማል? ምን ብዬ ላናግረው?

ትዕግሥት ለሁሉ

እህቴ ጸልዪበት። ጌታ በጊዜው ሁሉን ውብ ያደርጋል። ወላጅን ማሳዘንም ጥሩ አይደለም።

የቦንጋው

ጸልዪበት የምትለው ወንድሜ፣ ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኛ ግን በጸሎት ስም ብዙ ዘመን ጠብቁ ተብለናል።

እኔ ከካፋ ነኝ፣ ማንጃ ነኝ። እዚህ ስጽፈው እንኳን እጄ ትንሽ ያመነታል፤ ቃሉ በልጅነቴ ስድብ ሆኖ ስለገባኝ። አባቴ ከሰል አክስሎ፣ እንጨት ተሸክሞ ገበያ ይወርድ ነበር። ከገዛው ሰው ቤት ውሃ ቢጠይቅ የሚሰጠው ለብቻ በተቀመጠ ጣሳ ነው። ያቺን ጣሳ አስታውሳታለሁ፣ ጠርዟ የታጠፈ፣ ከአጥሩ ሥር የምትቀመጥ፣ ማንም የማይነካት።

አንድ ቀን ወንጌል የሚሰብክ ሰው ሰፈራችን መጣ። መጀመሪያ አልሰበከም። እናቴን «ውሃ ጠማኝ» አላት። እናቴ ደነገጠች። አባቴ ጠጥቶ ያስቀመጠው ቅል ነበር፣ ሰውየው ራሱ አንስቶ በእሱ ጠጣ። ይሄ ብቻ ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለ እምነቱ ሲጠየቅ የሚናገረው ያንን ቅል ነበር። በኋላ ዮሐንስ 4ን ሳነብ ያቺ ሳምራዊት ለምን እንደዚያ እንደደነገጠች ወዲያው ገባኝ። «አንተ አይሁዳዊ ስትሆን እንዴት ከእኔ ትለምናለህ?» እናቴም በሌላ ቋንቋ ያለችው ይሄንኑ ነበር።

አሁን የሚያመኝን ደግሞ ልንገርሽ። ብዙ ሰዎቻችን አምነው ቤተ ክርስቲያን ሲሞሉ ሌሎቹ ቀስ እያሉ ሌላ ቦታ መሄድ ጀመሩ። የተጣላ የለም፣ የተሳደበ የለም። አንድ ወር አንድ ቤተሰብ፣ በሌላው ወር ሌላ። በመጨረሻ እኛ ለብቻችን ቀረን። ተመሳሳይ መዝሙር፣ ተመሳሳይ መጽሐፍ፣ ሁለት ጣሪያ። ያንቺ አባት ቢያንስ አብሮ ተቀምጧል። ከዚያ ነው የምትጀምሪው።

ዲያቆን ከአንኮበር

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ በሌላ ቤት ጉዳይ ገባ እንዳልባል። ይሄ ነገር ግን የሁላችንም ነው። በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ይላሉ። ሕፃን ሲታመም ዓይን የሚጣልባት እሷ ናት። ቤተ ክርስቲያን ገብተው አብረው ቆርበው ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ ዓይኗን የሚሸሹ ሰዎች አይቻለሁ። ሥጋውንና ደሙን አብራህ የተቀበለች ሴት ዓይኗ ይበላኛል ብለህ መፍራት ምን ዓይነት እምነት ነው? የተቀበልከውን አላመንክበትም ማለት ነው እኮ።

ስለ አባትሽ ለምን እዚህ ጋ ይቆማል ብለሽ ጠይቀሻል። ጴጥሮስም እዚሁ ጋ ነው የቆመው። ገላትያ ምዕራፍ ሁለትን አንብቢ። አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ራሱን ለየ። ትምህርቱን አልለወጠም። ስለ ጸጋ ብትጠይቂው በትክክል ይመልስልሽ ነበር። የፈራው የሚያየውን ሰው ነው፣ እንዳባትሽ፣ «ዘመድ ምን ይላል»። ጳውሎስ ደግሞ የተቃወመው ስለ ምግብ ብሎ ብቻ አይደለም፣ እንደ ወንጌል እውነት በቅን አልሄዳችሁም ነው ያለው። ማዕድ መለየት ለጳውሎስ የወንጌል ጥያቄ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሌ የሚገርመኝ ነው። ጴጥሮስ ወደ ቆርኔሌዎስ ከመሄዱ በፊት ኢዮጴ ውስጥ ያደረው ማን ቤት ነው? ቁርበት ፋቂው ስምዖን ቤት። የሞተ እንስሳ ቆዳ የሚነካ፣ በአይሁድ ዓይን የረከሰ ሥራ የሚሠራ ሰው። እኛም አገር «ፋቂ» ስድብ ነው። ሐዋርያው ግን አያሌ ቀን እዚያ ኖረ፣ በላ፣ ተኛ። ራእዩን ያየው በዚያ ቤት ሰገነት ላይ ነው።

መካኒኩ

ሁላችሁንም በአክብሮት ነው የምቃወማችሁ።

ጥቅስ ጥሩ ነው፣ ግን ታሪኩን እንይ። ክርስትና እዚህ አገር ከ1600 ዓመት በላይ ኖሯል። ባለ እጅ ግን እስከ ትናንት ተሰድቧል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ ማስነገር ነበረባቸው፤ ስብከት በቂ ቢሆን አዋጁ ለምን አስፈለገ? ደቡብ ላይ ደግሞ ሸክላ ሠሪው የራሱ መሬት ያገኘው በየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት በሰው መሬት ላይ ጥገኛ ነበር፣ ያስነሱት ቀን ይነሳል። የለወጠው ሕግ፣ ትምህርት ቤትና ከተማ ነው። እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ አለኝ፣ ብረት ነው የምበይደው፣ አያቴም ብረት ቀጥቃጭ ነበር። እዚህ ማንም አይጠይቀኝም። ደንበኛ የሚጠይቀኝ መኪናው መቼ እንደሚደርስ ነው።

እህቴ፣ ወንድምሽና ልጅቷ አዲስ አበባ መጥተው ይጋቡ። አለቀ።

የሸክላ ሠሪ ልጅ

መካኒኩ፣ ስለ መሬቱ ያልከው እውነት ነው። አያቴ ያንን አዋጅ እንደ ልደቱ ቀን ነበር የሚያስታውሰው። ሕግ ያደረገውን ሃይማኖት አደረገው ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ሕግ መሬት ይሰጣል እንጂ ምራት አያደርግም። አዋጅ ወጥቶ ሰው እናቴ ቤት ምሳ እንዲበላ ማስገደድ አይቻልም።

«ከተማ ሄደው ይጋቡ» የሚለውን ምክር ሰምቼዋለሁ። ታላቅ እህቴ እንደዚያ ነው ያደረገችው። ተጋቡ፣ ልጅ ወለዱ፣ ደህና ናቸው። ለበዓል ግን አገር ቤት ሲመጡ እሱ ወደ ቤተሰቦቹ፣ እሷ ወደ እኛ። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው፣ የአባቱን እናት በስልክ ብቻ ነው የሚያውቃት። ከተማ መደበቂያ ይሆናል። ግድግዳው ግን አገር ቤት እንደቆመ ነው።

እናቴ አሁንም ትሠራለች። ጭቃውን ራሷ ትቆፍራለች፣ ትወቅጣለች፣ ታቦካለች፣ ስትተኩስ ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም፣ ዝናብ ከመጣ የሳምንት ሥራ ይፈነዳል። ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች። ከተማችን ውስጥ የእናቴ ጀበና የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ማለዳ ማለዳ የእናቴ እጅ የሠራውን ጀበና ይዘው ቡና ያፈላሉ፣ ጎረቤት ይጠራሉ፣ ይመራረቃሉ። ያቺን የሠራቻትን ሴት ግን ከጀበናዋ ጋር ወደ ቤት አላስገቧትም። ልጅ ሆኜ ይሄን አስቤ የማለቅስበት ጊዜ ነበር። አሁን አላለቅስም፣ ግን አልረሳሁትም።

ስለ ጌታ እራት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድሮ በእኛ አጥቢያ ጽዋው አንድ ነበር፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዳንዶች እኛ ከመጠጣታችን በፊት እንዲደርሳቸው ፊት ፊት ይቀመጡ ነበር። ማንም አይናገርም፣ ሁሉም ግን ያውቃል። በኋላ ለየራስ በትንንሽ ብርጭቆ ሆነ። ንጽሕናው ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን በዚያ ቀን የአንዳንድ ሰው ፊት ላይ ያየሁትን እፎይታ አልረሳውም።

እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው ደግሞ ሰው መሆኔን የተማርኩት። ያስተማሩኝ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዬ፣ ጨዋ ከሚባል ቤት የወጡ ሴት ናቸው፣ ፀጉሬን ራሳቸው ይሠሩኝ ነበር። ጭናቸው መሃል አስቀምጠው። ሽታው፣ ቅቤው፣ ጣቶቻቸው ጭንቅላቴ ላይ። ጸጋ ሲባል ለእኔ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

የሶዶ ልጅ፣ አንድ ልመና አለኝ። አባትሽን ስታናግሪ «እነሱም እኮ እንደኛ ሰዎች ናቸው» እንዳትይው። ይሄ አባባል ራሱ ያመናል።

የነቀምት መምህር

የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይባርክ።

በእኛም በወለጋ በኩል ሌላ ቁስል አለ፣ የባርነት ቁስል። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቷል፣ ዛሬም ግን ጋብቻ ሲነሳ «የማን ዘር ነው?» ብሎ በጆሮ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ስለ ኦነሲሞስ ነሲብ ልንገራችሁ። ሲወለድ ስሙ ሂካ ነበር። በልጅነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ምጽዋ ደረሰ፣ እዚያ ነፃ ወጣ። የስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተማረ፣ ሲጠመቅም ኦነሲሞስ ተባለ። ስሙን ልብ በሉ። ጳውሎስ ለፊልሞና ደብዳቤ የጻፈለት ያ ባሪያ ስም ነው። ይሄ ሰው ከባርነት ነፃ ከወጣች አስቴር ጋኖ ከምትባል ወጣት ሴት ጋር ሠርቶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፣ ሙሉው በአውሮፓ አቆጣጠር 1899 ታተመ። በኋላ ነቀምቴ መጥቶ አስተማረ። የጨዋ ልጆች፣ የባላባት ልጆች ፊደል የቆጠሩት በባርነት ከተሸጠ ሰው እጅ ነው። በኦሮምኛ ሂኩ ማለት መፍታትም መተርጎምም ነው። ሁለቱንም ሆነ።

ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ሁሌ ወደዚያች አጭር ደብዳቤ እመልሳቸዋለሁ። ጳውሎስ ፊልሞናን «ኦነሲሞስን ውደደው» ብሎ አላበቃም። እኔን እንደምትቀበል ተቀበለው ይለዋል። ቀጥሎ ደግሞ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ይላል። በዘመኑ ፊልሞና ኦነሲሞስን እንደ ጳውሎስ አስገብቶ ማዕድ ላይ ሲያስቀምጥ ጎረቤቶቹ ምን እንዳሉት አስቡት። «ዘመድ ምን ይላል» የሚለው ጥያቄ ያኔም ነበር። ጳውሎስ ግን ዕዳውን ለባሪያው ብቻ አልተወም። መሃል ገብቶ በራሱ ስም ወሰደው። አባትሽን የሚያግዘው ሰው እንደዚህ ያለ ነው። ከጎኑ ቆሞ «ዘመድ የሚለውን እኔም አብሬህ እሰማለሁ» የሚለው ሌላ ሽማግሌ አለ ወይ? ካለ እሱን ፈልጊ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ የምኖረው አሜሪካ ሜሪላንድ ነው። እዚህ ጪናሻም ጠይብም ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛን የከፈለን ብሔር ነው። ሰሜኑ ላይ ጦርነት በነበረባቸው ሁለት ዓመታት ቤተ ክርስቲያናችን ግማሽ ግማሽ ሆነች። ሰላምታ ቀረ። ለአንዱ ወገን ሲጸለይ ሌላው ተነስቶ ይወጣል። እኔም ከወጡት አንዷ ነበርኩ፣ አልደብቅም።

በዚያ መሃል የአንዲት እህታችን ወንድም አገር ቤት ሞተ። ከ«ሌላው ወገን» ናት። እዚህ ያለ ዘመድ ሬሳ የለውም፣ ቀብር የለውም፣ አፓርታማ ውስጥ ፎቶ አቁሞ ማልቀስ ብቻ ነው። እናቴ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ ሰማንያ ዓመቷ ነው። ጠዋት ተነስታ ድፎ ጋገረች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ «ውሰጂኝ» አለችኝ። እማዬ፣ እነሱ እኮ እንዲህ ብለዋል፣ እንዲህ አድርገዋል አልኳት። «ሞት መጥቶባታል፣ ሌላውን ኋላ ትነግሪኛለሽ» አለችኝ። ሄድን። በሩን የከፈተችው እህት ስታየን ለደቂቃ ያህል ምንም አላለችም። ከዚያ እናቴ አንገት ላይ ወደቀች።

ፖለቲካችን አንድ አልሆነም። ዛሬም ብዙ ነገር አንስማማም። ግን ያን ቀን ማታ ከቤተ ክርስቲያን ሌሎች ስድስት ሴቶች ተከትለውን መጡ፣ ሦስቱን ቀን አብረን ተቀመጥን።

እትዬ ከሐዋሳ

ልጄ የሶዶ ልጅ፣ ሌሊቱን ሳነብ ነው ያደርኩት። በስልክ ስጽፍ ዓይኔ ስለሚደክም ስህተት ካለ እለፉኝ።

እኔ አባትሽ የቆመበት ቦታ ቆሜ ነበር። ልጄ የወደደችውን ልጅ ቤተሰቡን አጣርቼ እምቢ አልኩ። ሙያቸውን አልወደድኩም፣ ያው ታውቂዋለሽ። ጥቅስም ነበረኝ፣ ወላጆቻችሁን ታዘዙ የሚለው። ልጄ ታዘዘችኝ። አላገባችውም። ሰባት ዓመት ግን ቤት ውስጥ አብራኝ እየኖረች አላዋራችኝም ብል ይቀላል። ትመልሳለች፣ ታገለግላለች፣ ግን ልቧ የለም። በኋላ እሱ ሌላ አገባ። እሷ እስካሁን አላገባችም። ሄጄ ከእግሯ ሥር ወድቄ ይቅርታ ለመንኳት፣ ይቅር ብላኛለች፣ ጊዜውን ግን ማን ይመልሳል?

አባትሽን ስብሰባ ላይ አታሳፍሪው። በስብከቱም አትያዢው፣ ሰው በቃሉ ሲያዝ ይደርቃል። ማታ ብቻውን ሲሆን፣ እግሩን ስታጥቢው ወይ ቡና ስታቀርቢለት፣ የኔን ታሪክ ንገሪው። አንዲት እናት እንዲህ አለችህ በይው። ስለ ጋብቻው ገና ሳታነሺ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ እነሱ ቤት ቡና ይጠጣ። ሰው የሚፈራውን ቤት ደጃፍ ካልረገጠ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ቤት ነው የሚፈራው።

የቦንጋው

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ እንዲህ ራስን አውጥቶ መናገር ቀላል አይደለም። አንድ ነገር ግን ልናገር። ሁላችንም የምናስበው አባትየው እንዳይጎዳ ነው። በቀስታ፣ በብልሃት፣ ማታ ላይ። ልጅቷስ? አባቷስ? እነሱ አሁን እየጠበቁ ነው፣ ቤታቸው ሰው ለመግባት ብቁ መሆኑ ሌላ ቤት ውስጥ እየተመከረበት። ትዕግሥቱን ሁሌ እኛ ነን የምናዋጣው። ይቅርታውንም እኛው።

ይቅር አልልም እያልኩ አይደለም። ጌታ ይቅር ብሎኛል፣ እኔም ብያለሁ፣ ጣሳዋን ያስቀመጡትን ሰዎች በስም እየጠራሁ ጸልዬላቸዋለሁ። ግን ይቅርታ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።

እትዬ ከሐዋሳ

ልጄ የቦንጋው፣ እውነትህን ነው። የተናገርከው ልቤን ነክቶኛል። በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች አልጠየቁህም፣ እኔ ልጠይቅህ። ጣሳ ለይቼ አውቃለሁ። ቤቴ በር ላይ ሰው አቁሜ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ።

የቦንጋው

እማማ።

ይቅር ለእግዚአብሔር። አሁን ሌላ መጻፍ አልችልም።

መካኒኩ

እኔም ይሄን አነበብኩ። «ከተማ መጥተው ይጋቡ፣ አለቀ» ያልኩትን እመልሳለሁ፣ አላለቀም። አያቴ የተሰደበበት መንደር ለመቃብሩ እንኳን ሄጄ አላውቅም፣ ለምን እንደማልሄድ ራሴን ጠይቄም አላውቅም ነበር። በሕጉ ላይ ግን አሁንም እቆማለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሕጉ ካደረገው መቅደም ነበረባት።

ዲያቆን ከአንኮበር

መካኒኩ፣ መቅደም ነበረባት። በዚህ አልከራከርህም።

የሶዶ ልጅ፣ ማታ እያሰብኩት የመጣልኝን ልጻፍልሽ። አባትሽ «እኛ የጨዋ ቤት ነን» ብሏል አይደል? ገላትያ 3፥28ን በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አውጪና ቃል በቃል አንብቢ። «አይሁዳዊ ወይም የግሪክ ሰው የለም፥ ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም» ይላል። ጨዋ። ተርጓሚዎቹ ለነፃ ሰው፣ ባሪያ ላልሆነው የመረጡት ቃል ነው። እኛ ሺህ ጊዜ ሰምተነዋል፣ ሁሌም የምንሰማው «ባሪያ የለም» የሚለውን ነው፣ ለታናሹ የተነገረ ማጽናኛ አድርገን። ቃሉ ግን ሁለቱንም ነው የሚያነሳው። ጨዋም የለም ነው የሚለው። ባሪያውን ከፍ አድርጎ ጨዋውን እንዳለ ቢተወው ኖሮ ምሕረት ብቻ ይሆን ነበር። ጨዋውንም ከጨዋነቱ አውርዶ ነው አንድ የሚያደርጋቸው። የሚያመው ይሄኛው ነው። ጸጋን መስጠት እንወዳለን፣ መቀበል ነው የሚከብደን፣ ምክንያቱም ለመቀበል እኛም ባዶ እጃችንን መምጣት አለብን።

በቃሉ አትያዢው ብለዋል እትዬ፣ ልክ ናቸው። ስለዚህ አታስተምሪው። ራሱ እንዲያነብልሽ ጠይቂው።

የሶዶ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስምንት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ።

ሐሙስ ማታ አባቴን ብቻውን አገኘሁት። መጀመሪያ የእትዬን ታሪክ ነገርኩት፣ አገሩን ሳልጠቅስ። ሰባት ዓመት ስል ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን ሰጥቼ «ይሄን አንብብልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» አልኩት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው፣ ልማዱ ነው። «ባሪያ ወይም» ካለ በኋላ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። እንደገና አድርጎ በልቡ አነበበው። ምንም አላለኝም፣ «ሂጂ ተኚ» አለኝ። እስከ እኩለ ሌሊት መብራቱ አልጠፋም።

ዓርብ ከአጥቢያው ሽማግሌዎች አንዱን፣ የድሮ ጓደኛውን፣ ጠራው። መምህር እንዳልከው ነው፣ አብሮት የሚሰማ ሰው። ቅዳሜ ሁለቱ ወደ ልጅቷ ቤት ሄዱ። ለጋብቻ አይደለም፣ «ልንጠይቃችሁ መጣን» ብለው። እኔም ተከትዬ ሄድኩ።

ቤቱ ንጹሕ ነበር፣ ጓዳው በኩል ገና ያልተተኮሱ ምጣዶች ተደርድረዋል። እናትየው ቡና አፈላች። አዲስ ስኒ ገዝተው ነበር፣ ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት ከአንዱ ሥር አልተላጠም። ለእኛ ብቻ ቀዱ። እነሱ ግድግዳው ጥግ ቆሙ፣ አባትየው፣ እናትየው፣ ልጆቹ። በራሳቸው ቤት። አባቴ ስኒውን ያዘና አልጠጣም። «እናንተስ?» አለ። እናትየው «እኛ ኋላ እንጠጣለን» አለች። አባቴ ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጠና «እንግዲያው እኔም ኋላ» አለ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አባትየው ከውስጥ አሮጌ ስኒዎች ይዞ መጣና ቁጭ አለ። አባቴ አዲሱን ስኒ ለእሱ ሰጠው፣ ከእሱ እጅ አሮጌውን ወሰደ። ያኔ ነው ቡናው ለሁላችን የተቀዳው።

ሊጸልይ ሲነሳ ድምፁ አልወጣለትም። አባቴ ጸሎት አቅቶት አይቼ አላውቅም። ጓደኛው ነው የጨረሰለት።

የሸክላ ሠሪ ልጅ

ጥጉ ላይ መቆማቸውን ስታነሺ ቆዳዬ ተሸማቀቀ። እኛም ቤት እንደዚያ ነው። ማንም ቁሙ ሳይለን። ለእናቴ አነበብኩላት፣ የስኒውን ነገር ሁለቴ አስደገመችኝ።

እናትሽስ ምን አሉ?

የሶዶ ልጅ

እናቴ አልሄደችም። አባቴ ሲመለስ ምንም አልጠየቀችውም። ትናንት ግን የቤታችንን ጀበና አጥባ፣ ገልብጣ፣ ሥሩን ስታየው ቆየች። ማን እንደሠራው ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት፣ የልጅቷን እናት ብትጠይቃት እንደምታውቅ ነገርኳት። «አንድ ቀን» አለችኝ። የትኛውን ቀን እንደሆነ አልነገረችኝም።